ወንዝ የማይሻገረው የሎሚ መንገድ

እሑድ እሑድ በእንጦጦ ጫካ ውስጥ ለውስጥ ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶች አሉ። አስፋልት አይወዱም፤ የሚሹት ጠጠር ነው። ከጋራው አናት ተነሥተው፣ በዛፎቹ መካከል ተሹለክልከው፣ የካ ላይ ብቅ ይላሉ። አንዱን "ይህን መንገድ ማን ሠራው?" ብዬ ብጠይቀው "ማንም፤ እንዲሁ የነበረ ነው" አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ቆሽቴን ያሳርረዋል። መንገድ እንደ እንጉዳይ አይበቅልም። ያንን መንገድ ያበጀችው ሎሚ ቱሉ ናት፤ የአያቴ አያት። አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ ነገር ግን በቤታችን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም "ሎሚ" ነው የሚላት፤ እኔም የቤቱን ደንብ አላፈርስም።

ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር በ1870ዎቹ መጨረሻ ነው። ቤተ መንግሥቱ ጋራው ላይ ነበር። ታች ሜዳው ላይ፣ ፍል ውኃው አጠገብ፣ ድንኳን እንጂ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። ባሕር ዛፍም ገና አገራችንን አላወቃትም፤ ምሳር ያልደረሰበትን የጋራውን ወገን የሸፈነው ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ነበር።

ሎሚ ባሏን ዱጋሳን ከቀበረች ወዲህ የምትኖረው በአህዮቿ ነው። ከየካ ገብስና ሽንብራ ጭና ወደ ጋራው ታወጣለች፣ ሸጣ ትወርዳለች። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። አማርኛን የተማረችው አቀበቱ ላይ ከወታደሮች ስለሆነ ከሰላምታው በፊት ስድቡን አወቀች። ድምፅዋ ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ይሻገር ነበር፤ አህዮቿን ስትጣራ የጎረቤት አህያም ይመጣል እያሉ ይስቁባት ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ቦንቱ። ቦንቱ ጋራው ላይ ለሚኖሩት ለቄስ ዓምደ ሚካኤል ልጅ ለፀሐዬ ተድራ፣ ክርስትና ተነሥታ ወለተጊዮርጊስ ተባለች። ለእናቷ ግን ቦንቱ እንደሆነች ቀረች። በጥር ወር መፀነሷ ታወቀ፤ ተቆጥሮ ተቆጥሮ መውለጃዋ ነሐሴ ላይ ዋለ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ጋራው ላይም ቢሆን የካም ቢሆን ወጉ አንድ ነው፤ ልጅቱ ሆዷ ሲገፋ ወደ እናቷ ትሄዳለች፣ እዚያው ትታረሳለች። ከእንጦጦ ወደ የካ የሚወርደው መንገድ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ሸለቆው ይገባና ወንዙን እየደጋገመ ይሻገራል። በበጋ ሕፃን ይራመድበታል። ነሐሴ ላይ በቅሎን ከነኮርቻዋ ይወስዳል፤ ሰውም ወስዷል።

ቄስ ዓምደ ሚካኤል ክፉ ሰው አልነበሩም። "እትዬ ሎሚ፣ ወጉን አልጠላሁትም፤ ወንዙን ነው የምፈራው። እዚሁ ትውለድ፤ እኛም እንደ ልጃችን እናርሳታለን" አሉ። ቦንቱ ግን እናቷን ለብቻዋ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣችና "አዮ፣ ከሰው ቤት አልወልድም። እፈራለሁ" አለቻት። አዮ ማለት እማዬ ማለት ነው። ሎሚ ተመልሳ ገባችና "አባ፣ ወንዝ የማይሻገር መንገድ ባገኝስ?" አለች።

"ካገኘሽ በቅሎዬን እሰጣታለሁ፤ ትውረድ።"

ሎሚ ነገሩን ያሰበችው በጣም ቀላል አድርጋ ነው። ወንዞቹ ሁሉ የሚነሡት ከዚያው ጋራ ነው። ስለዚህ ከምንጮቹ በላይ የዞረ ሰው ምን ወንዝ ይሻገራል? በጋራው ጀርባ ላይ ወደ ምሥራቅ ሄደሽ ሄደሽ፣ ከዚያ በሁለት ሸለቆዎች መካከል ባለው ሸንተረር ቁልቁል ብትይ፣ ወንዝ በቀኝና በግራ ቀርቶ አንቺ የካ ትደርሻለሽ። ይርቃል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ቦንቱ ለመቅደም አልነበረም የምትወርደው።

ምሳሯን ይዛ ጫካ ገባች። በጋውን ሙሉ፣ ከአህዮቿ በተረፋት ጊዜ ሁሉ፣ ቀጋውን መነጠረች፣ የወደቀውን ጽድ ጎትታ አነሣች። ጎረቤቷ በዳዳ ከብት ፍለጋ ወጥቶ አገኛትና "አንቺ ሴት፣ ይህን ሁሉ የምትለፊው ንጉሥ ልታሳልፊበት ነው?" አላት። "ልጄን" አለችው፤ ምሳሯንም አላቆመችም። በማግስቱ በዳዳ የራሱን ምሳር ይዞ መጣ።

ሸንተረሩ አፈሩ ታጥቦ የቀረ ጠጠር ነበር። ዝናብ ቢዘንብበት ውኃውን ወደ ሁለቱም ወገን ይጥለዋል፤ ኮቴ አይሰምጥበትም። መንገዱ በሚታጠፍበትና በሚያጠራጥርበት ቦታ ሁሉ ሎሚ ድንጋይ ከምራ ምልክት አቆመች። ፀሐዬ እያንዳንዱን ቁልል ይዞ ቢወርድ አይስትም፤ ይህንኑም ነገረችው።

መንገዱ ገና ከማለቁ ሰው ጀመረው። ጋራው ላይ ወደ ተሠራው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡት ሁሉ ሸለቆውን ትተው በዚያ ይወጡ ጀመር። ሎሚም አንድ ነገር አየች፤ ሰዎቹ ቁልሉ ዘንድ ሲደርሱ ከበቅሎ ይወርዳሉ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ፣ የራሳቸውንም ድንጋይ ይጨምራሉ። ሎሚ ደረቷን ነፋች። "ለመንገዴ ይሰግዱለታል" እያለች ለየካ ሰው ሁሉ አወራች። ምን ታድርግ፣ እኔም ብሆን ያው ነው የማወራው።

እነሱ ግን ለመንገዷ አልነበረም የሰገዱት። ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ በሚታይበት ቦታ ከበቅሎ ወርዶ መሳለም፣ ድንጋይም ማኖር የክርስቲያኑ ልማድ ነው። የሎሚን ቁልል ሲያዩ መሳለሚያ መሰላቸው። ቆመው ቤተ ክርስቲያኑን በዓይናቸው ይፈልጋሉ፤ ዛፉ ሲጋርዳቸው ወደ ጎን፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣ ይላሉ፤ እዚያ ጣሪያው ሲታያቸው ሌላ ቁልል ይሠራሉ። ሐምሌ ሲገባ ቁልሉ በዝቶ፣ ወደየገደሉ የሚወስድ ቀጭን መንገድም በእግር ተረግጦ ወጥቶ ነበር። ሎሚ በእርሻ ተይዛ ስለ ነበር ያን ሰሞን አልወጣችም።

ነሐሴ ላይ ፀሐዬ ሚስቱን በአባቱ በቅሎ አስቀምጦ ማለዳ ተነሣ። ሎሚ የገንፎውን ዱቄት አዘጋጅታ፣ ቤቱን ጎዝጉዛ ጠበቀች። ረፋዱ አለፈ። ቀትር ሆነ። ጉሙ ከጋራው ወርዶ የቤቷን ጣሪያ ነካ፤ ሰው ግን የለም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ዳገቱን ተያያዘችው።

ፀሐዬ እንደታዘዘው ከቁልል ወደ ቁልል ነበር የወረደው። በጉሙ ውስጥ የትኛው የአማቱ፣ የትኛው የተሳላሚ እንደሆነ በምን ይወቅ? አንዱ ቁልል ላይ ሲደርስ በቅሎዋ እግሯን ተክላ አልሄድም አለች። ከቁልሉ ድንጋይ አንሥቶ ወደፊት ወረወረ፤ ሲያርፍ የሰማው እጅግ ከታች ነው። ዞር ቢል የመጣበት አይታይም። ቦንቱም እዚያው በኮርቻው ላይ ምጥ ጀመራት።

ሎሚ ከሸንተረሩ ላይ "ቦንቱ" ብላ ስትጣራ ያ የተሳቀበት ድምፅ ጉሙን ሰንጥቆ ደረሰ። ምላሹ ከገደሉ ወገን መጣ። እሷም እዚያው እግሯ ሥር ያላቆመችውን ቁልል አየች፤ ስግደቱ ሁሉ ለምን እንደነበር ያኔ ገባት። ለማፈር ግን ጊዜ አልነበራትም።

"ፀሐዬ፣ ድንጋዩን ተወው" አለችው። "መሬቱን በእግርህ ምታው። ምንድነው?"

"ቅጠል ነው። ለስላሳ ነው፣ እማማ።"

"ለገደሉ ጀርባህን ስጥና ቀስ ብለህ ሂድ። ጠጠር ከኮቴዋ ሥር ሲንቀጫቀጭ ንገረኝ። ዝም ካለ ወደ ነበርክበት ተመለስ።"

ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ ጠጠሩ ሲንቀጫቀጭ ሎሚ ራሷ ሰማችው። ሮጣ በቅሎዋንና ልጇን አንድ ላይ አቀፈቻቸው። ፀሐዬ ፊቱ አመድ መስሎ "ወደ አባቴ ቤት ልመልሳት?" አለ። ሎሚ ወደ ልጇ ዞረች። ቦንቱም "እናቴን አግኝቼ ወዴት ነው የምመለሰው?" አለች።

ወረዱ። ወንዙ በቀኝም በግራም ያጓራል፤ ኮቴያቸውን ግን አልነካም። ከብት ሳይገባ ቦንቱ በእናቷ ቤት፣ በእናቷ እጅ፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። ለሴት ልጅ የሚባለው እልልታ ለወንድ ከሚባለው ያንሳል፤ ሎሚ ደንቡን ትታ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ እልል አለች። ያቺ ሕፃን አያቴ ናት፤ ይህን ሁሉ የነገረችኝም እሷ ናት።

ቁልሉ ግን እንዳለ ነበር። የመሳለሚያ ድንጋይ አይፈርስም፣ ነውር ነው። ሎሚ ቄስ ዓምደ ሚካኤል የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ በወረዱ ጊዜ አማከረቻቸው፤ እሳቸውም በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናገሩ። "ስትሳለሙ ድንጋይ አትከምሩ። ከወንዝ ጠጠር ዝገኑና መንገዱ ላይ በትኑት። ለነፍሰ ጡር መንገድ ማበጀትም መሳለም ነው" አሉ። ሰው ሁሉ ያንኑ ሸክም የማይፈራ ልማዱን ይዞ ጠጠር እያመጣ በተነ። በጋው ሲያልቅ ሸንተረሩ ከላይ እስከ ታች በደረቅ ጠጠር ተሸፍኖ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ በጆሮው የሚወርድበት ሆነ።

በዓመቱ ነሐሴ ሎሚ ገብስ ጭና በጉም ውስጥ ስትወጣ ከላይ የሚወርድ ኮቴ ሰማች። ሆዷ የገፋ ልጅ በበቅሎ ተቀምጣ፣ ወንድሟ እየሳበላት ብቅ አለች። ሎሚ አታውቃትም፤ ልጅቷም ሎሚን አታውቅም። ልጅቷ ባልቴት ብቻዋን በጉም ስትወጣ አይታ አዘነች መሰለኝ፣ በቅሎዋን አስቆመች።

"እማማ፣ እንዳይፈሩ" አለቻት። "ዓይንዎን ይተዉትና ኮቴውን ያዳምጡ። ጠጠሩ ከተንቀጫቀጨ መንገዱ ላይ ነዎት፤ ዝም ካለ ይመለሱ። እኔም እንዲሁ እያልኩ እናቴ ቤት ልደርስ ነው።"

ሎሚ አህዮቿን ከጠጠሩ አውርዳ እርጥቡ ቅጠል ላይ አቆመችና መንገዱን ለቀቀችላት።

"እሺ፣ ልጄ" አለቻት። "አዳምጣለሁ።"