የራሔል ድምፅና የጋሽ ተድላ ኢኮ

ጋሽ ተድላ የመጡበትን ጉዳይ ሲናገሩ ሰርክአዲስ ክው አለች። እሳቸው የመዝሙር ቡድኑ የበላይ ናቸው፤ እሷ ደግሞ አርካዊት ሰፈር በተከራየቻት ክፍል መዝሙር እየቀዳች በኮምፒውተር የምታቀናብር ሴት ናት።

«የራሔል ድምፅ ላይ ኢኮ ጨምሪበት» አሏት፤ «ቃሉ እስኪጠፋ ድረስ።»

«ለምን ይጥፋ ጋሼ?»

«አማርኛዋ ዐረብኛ ዐረብኛ ይላላ። አዲስ አበባ ቢሰሙን ምን ይሉናል?»

ወይ ጉድ! ዘማሪዋ ራሔል እኮ እዚሁ ዐረብኛ በሚነገርበት ከተማ፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት። ከተማው ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ጋሽ ተድላ ነፍሴ አውጪኝ ብለው አዲስ አበባ ገቡ። እሷ መሸሻ ያጣውን ሕፃን ሁሉ ሰብስባ መዝሙር ስታስጠና ከረመች። እሳቱ በረድ ሲል ተመለሱና አፏ አሳፈራቸው።

ያም ሆኖ ትልቅ ሰው ናቸውና ሰርክአዲስ ሥራዋን ጀመረች። የሚያስተጋባ አዳራሽ የላትም፤ ማስተጋባቱን ራሷ ትሠራዋለች። ጣቢያ እንዳልያዘ ሬዲዮ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ትፈጥርና ቀስ እያለ እየደከመ እንዲጠፋ ታደርገዋለች። ያንን ከመዝሙሩ ጋር ስታዋህደው ዘማሪዋ ካቴድራል ውስጥ የቆመች ትመስላለች። ጅራት ትለዋለች። የራሔልን ጅራት እንደታዘዘችው አስረዘመችው።

ራሔል መጥታ ሰማችው። «ይህቺ ማን ናት?» ብላ ጠየቀች፤ የምሯን ነበር።

ሰርክአዲስ ወዲያው ንዴቱ መጣባት፤ በራሷም በሽማግሌውም። «ኸላስ፣ በቃ!» አለችና ጅራቱን ቆረጠችው። በመኖሪያ ክፍል ውስጥ የሚሰማ ያህል ብቻ አስቀረች። ራሔል የምትቸገርባት «ጨ» ሳትቀር ቁልጭ ብላ ወጣች።

እሑድ መዝሙሩ ምእመኑ ፊት ሲከፈት የጋሽ ተድላ ፊት ተለዋወጠ።

«እኔ ያዘዝኩሽ ይህን አይደለም» አሏት።

«አይደለም። ሰው በቁሙ ቅበሪ ቢሉኝ እኔ አልቀብርም ጋሼ።»

ሄደው የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀሉት።

ራሔል ከተቀመጠችበት ተነሣች። ማይክ አልጠየቀችም፤ መዝሙሩን ከተቋረጠበት ቀጠለችው፣ በዚያው በሐጅ ዩሱፍ አማርኛዋ። በጦርነቱ ያስጠናቻቸው ልጆች ከኋላ ተቀበሏት። እያንዳንዷን ቃል ልክ እንደ እሷ አድርገው ይጠሯታል። ጋሽ ተድላ ገመዱን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።