ሕግን ገበያ ወርዶ የሚያነብ ሰው

አጎቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የከተማችን ምክር ቤት አባል ነበር። የግብር ሕግ ረቂቅ በደረሰው ቁጥር ታይዋን የሚባለው የከተማችን ገበያ ይወርድና መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ሴቶች መሀል ቁጭ ብሎ ያነብላቸዋል። አማርኛው ሲከብዳቸው በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይደግምላቸዋል። «ባለፎቁ መውጫ አያጣም፤ ሕግ የሚመዘነው መሬት በተቀመጠው ሰው ነው» ይል ነበር።

ባለፈው ዓመት መሬት ላይ የሚሸጡትንም ግብር የሚያስከፍል አንድ ረቂቅ አነበበላቸው። የልጆች ልብስ የምትሸጠው ሐሊማ ሰምታ ስትጨርስ፣ «አቦ፣ ይሄ ከጸደቀ እኔ እዚህ የለሁም» አለችው። ቃሏን እንዳለ ለምክር ቤቱ ተናገረ። ለተቃውሞ እጁን ያወጣው ግን እሱ ብቻ ነበር፤ ሕጉ ጸደቀ። በማግስቱ ራሱ ሄዶ፣ «አልቻልኩም፣ ይቅር በይኝ» አላት። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ጠላ። በሦስተኛው ወር አጣነው።

ትናንት ገበያ ወረድኩ። ሐሊማ ሥራውን ትታ ገጠር፣ ጀልዴሳ ዘመዶቿ ጋ ገብታለች። ጎረቤቷ አወቀችኝና፣ «የእህቱ ልጅ አይደለሽ? ሌላ ሕግ ሊመጣ ነው አሉ። አንቺ ታነቢልናለሽ?» አለችኝ።

ማንበቡንስ አነባለሁ። የሚሉኝን ይዤ ምክር ቤት የምገባበት በር ግን የለኝም። ይህን ሳልነግራት፣ «ረቂቁ መቼ ይመጣል አሉ?» አልኳት።