ቅሬ የተጠራበት የምርጫ ቀን

«ቀብሩን ትንሽ ያቆዩት ብለው ይጠይቋቸው። አንድ ቃል ነው ጋሼ፣ አንድ ቃል!»

«ሬሳውን አቆዩልኝ ልበል? ስለምወዳደር?»

«ስለሚወዳደሩ አይደለም። ሰዉ መርጦ ይሂድ ነው ያልኩት። ከሰልፉ እየወጡ ነው እኮ! በመስኮት ይዩዋቸው!»

መምህሩ በመስኮት አላዩም። ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ በተከራየናት ጠባብ ክፍል መሀል ቆመው የሸሚዛቸውን እጅጌ ይጠቀልሉ ነበር። ባዮሎጂ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ለፓርላማ በግል ቀርበው ነበር። የምትሟገታቸው የቅስቀሳችን አስተባባሪ ነች፤ ገበያ ላይ ሳሙናና ዘይት የምትሸጥ፣ ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ ያለ ድምፅ ማጉያ የምትቀሰቅስ ሴት። የምርጫው ዕለት ነው፣ እኩለ ቀን። እኔ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም እሰማለሁ።

ሰልፉን ትተው የሚወጡት የዳር ሰፈር ሰዎች ነበሩ። ዳር ሰፈር የመካነ ሰላም ከተማ ቤቶች አልቀው የገብሱ ማሳ ሊጀምር ሲል ያለ ሰፈር ነው። ግማሹ ያርሳል፣ ግማሹ ከተማ ውሎ ይገባል። መብራት አለው፤ የቧንቧ ውሃ ግን ከላይ ያለው ሰፈር ድረስ መጥቶ ቆሟል። ከዚያ በታች ያለው ሰው ቁልቁለቱን ወርዶ ከምንጭ በጀሪካን ይቀዳል። መምህሩ የተወዳደሩትም በዚሁ በውሃው ነገር ነው። የቀረው የምርጫ ክልል ለሁለት ተከፍሎ ስለነበር ዳር ሰፈር ወጥቶ ካልመረጠ እንደማናሸንፍ ሕፃን ሳይቀር ያውቅ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ግን አንዲት ሴት አረፉ። የሰፈሩን የሙስሊም ልጆች በሙሉ ፊደል አስቆጥረው ቁርኣን ያስቀሩት የሟቹ ሸህ ባለቤት ናቸው። በእኛ አገር ዕድሩ ቅሬ ይባላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። ጠሪው ጉብታው ላይ ወጥቶ «ቅሬ ውጡ!» ካለ በሬ የጠመደ ይፈታል፣ ሱቅ የከፈተ ይዘጋል። ቅሬ ላልወጣ ሰው የቅጣት ደንብ አለ፤ ለምርጫ ሰልፍ ግን ማንም ደንብ አላወጣም።

የአስተባባሪያችን ንዴት በራሷም ላይ ነበር። «የጠዋቱን ሰልፍ ለሽማግሌዎች ተዉላቸው፣ ጉልበት ያላችሁ ከቀትር በኋላ ኑ» ብላ ቤት ለቤት የዞረችው እሷ ነች። ለሽማግሌዎቹ አዝና ነው። ሽማግሌዎቹ ጠዋት መጡ፤ ግማሾቹ የተቀናቃኛችን ነበሩ። ጉልበት ያለው የእኛ ሰው ሊመጣ ሲል ቅሬው ጠራው። ቅሬም የሚፈልገው ጉልበት ያለውን ነው።

«ደግሞ የዛሬው የጉድጓድ ተራ የእኔ ነው» አሉ መምህሩ እጅጌያቸውን ጨርሰው።

«የእርስዎ? ለፓርላማ የቀረበ ሰው ጉድጓድ ሊቆፍር?»

«ለፓርላማ የቀረብኩት መቼ ነው፣ ቅሬ የገባሁት መቼ ነው?»

እውነታቸውን ነው። ቤታቸው ከላይ፣ ቧንቧ በደረሰበት ሰፈር ቢሆንም ከእናታቸው የዳር ሰፈር ቅሬ ወጥተው አያውቁም።

ያቺን ክፍል አሁን ፀጉር ቆራጭ ይዟታል አሉኝ። ደሴ ከመጣሁ ወዲህ ብዙ ክፍል ቀያይሬያለሁ፤ አንዱም እንደሷ አልናፈቀኝም። ግድግዳዋ ላይ የምርጫ ምልክታችን መሰላል ተለጥፎ ነበር። ምልክቱ የደረሰን ቀን አዝነን ነበር፤ የሐኪሙ ፋኖስ ነበርና። ሐኪሙ ያልኩት ተቀናቃኛችን ነው፤ የከብት ሐኪም ነው። የእኛ ሰዎች «ሰው የሚያክም መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ» እያሉ ይስቁበት ነበር። በበጋ ላሙን ያዳነለት ገበሬ ግን አይስቅም። ሽማግሌዎቹም በዚሁ ምክንያት ነው ወደ እሱ ያዘነበሉት።

ስንኝ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። በገበያ ቀን በተከራየናት ባጃጅ ላይ ተንጠልጥዬ እንዲህ አልኩ፦

ድምፅሽን አትስጪ በዝምድና በአበልጅ፣
መሰላል ምረጪ ውሃው ይምጣ ከደጅ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ከሐኪሙ ባጃጅ ላይ ደግሞ አንድ የማላውቀው ልጅ ወዲያው መለሰ፦

መሰላሉን ያዙልኝ ብሎ ከሥር፣
ወጥቶ ሲያበቃ ስቦት እንዳይቀር።

ገበያው በሳቅ ሞተ። የእኛ አስተባባሪ እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። አመሻሽ ላይ ከልጁ ጋር አንድ ሻይ ቤት ተገናኘንና «ሁለተኛው ስንኝህ ትንሽ ያነክሳል» አልኩት። «ያንተ ውሃም ገና አልደረሰም» አለኝ። ሻዩን እሱ ጋበዘኝ። ሁለት ሰዎች ለአንድ ወንበር ሲሟገቱ ሰው እንዲህ መሳቅ የሚችልበት ጊዜ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁሌም እንደዚያ የሚኖር መስሎኝ ነበር።

ወደ ቀብሩ ልመለስ። መምህሩ አካፋ ይዘው ወረዱ፣ ተከተልኳቸው። የሰኔ ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። የመቃብሩ ቦታ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ ከዚያ በታች ገደሉ ወደ አባይ ይወርዳል። ቆመን ተራ ስንጠብቅ ዓይኔ የሰዉ ጣት ላይ ሄደ። የመረጠ ሰው ጣቱ ላይ ቀለም አለው። ዳር ቆመው የሚመክሩት ሽማግሌዎች ሁሉ ጣታቸው ጠቁሯል። ዶማና አካፋ የያዙት እጆች ላይ ግን አፈር እንጂ ቀለም አልነበረም።

ቃሬዛው ሲመጣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሐኪሙ ነበር። ቅሬው የእሱ አይደለም፤ ሰምቶ ነው የመጣው። መምህሩ አዩትና ከጎኑ ገብተው ትከሻቸውን ሰጡ። አንዱ ከኋላዬ «ይህም እንግዲህ ቅስቀሳ ነው» ብሎ አጉረመረመ። ሁለቱ ግን ስለ መንገዱ ጭቃ እንጂ ስለ ሌላ አላወሩም።

ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት ሳይገባ የሚሄድ የለም። ድንኳኑ ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀመጥን፣ ንፍሮ ተዘገነልን፣ ከዚያ አንድ ሸህ ዱአ ጀመሩ። ዱአ ሳያልቅ አይነሳም። ሸሁ ለሟቿ ለመኑ፣ ለዝናቡ ለመኑ፣ ለአገሩ ለመኑ። አስተባባሪዋ ከድንኳኑ አፍ ቆማ የእጅ ሰዓቷን ለመምህሩ ታሳያቸዋለች። እሳቸው ቢነሱ ድንኳኑ ሁሉ ተከትሏቸው ይነሳ ነበር። እሷም፣ እኔም፣ እሳቸውም ይህን እናውቃለን። መምህሩ መዳፋቸውን ዘርግተው አንገታቸውን እንደደፉ ቀሩ።

«ያ ረቢ» አሉ ሸሁ በመጨረሻ፣ «ሁለቱንም ልጆቻችንን አሸንፍልን!»

«አሚን!» አለ ሰዉ።

«ሸሆች፣ ወንበሩ እኮ አንድ ነው» አለ ከጥግ አንድ ጎልማሳ።

«አላህ ወንበር አያጣም» አሉት ዞር ሳይሉ። በለቅሶ ቤት የማይሳቅ ሳቅ ሳቅን። ሐኪሙም ሳቀ፣ መምህሩም።

ከዚያ ዳገቱን ሮጥን። የምርጫ ጣቢያው የገበሬዎች ማሰልጠኛው ክፍል ነበር። ቀድመው የደረሱት ሰልፉ ውስጥ ገቡና መረጡ። እየተንጠባጠበ የመጣው ብዙው ሰው ሲደርስ ግን ሰዓቱ አልቆ ኃላፊው የሰልፉን መጨረሻ ቆርጦ ነበር። አልጮኸባቸውም፤ «በአላህ፣ እኔ ምን ላድርግ» እያለ ይለምናቸው ነበር። ዕቃ ሲያጥቡ የቆዩት ሴቶች ጭራሽ አልመጡም።

በማግስቱ የሁሉም ጣቢያ ድምፅ ሲደመር ተሸነፍን። ሐኪሙ የበለጠን በዚያ ቀብር ላይ ከቆመው ሰው ቁጥር ባነሰ ድምፅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ተገናኘን። መምህሩ ወንበር ላይ ናቸው። አስተባባሪዋ አልተቀመጠችም።

«አቤቱታ እናስገባ» አለች። «ጣቢያው ከሰዓቱ በፊት ተዘጋ እንበል። ታዛቢያችን እፈርማለሁ ብሏል።»

«በሰዓቱ ነው የተዘጋው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የሚቀጥለውን ምርጫ ጠብቂ ነው የሚሉኝ። እርስዎ ቤት ቧንቧ አለ ጋሼ። እኔ ቤት የለም። እናቴ ቤትም የለም።»

መምህሩ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«እታለሜ» አሏት ቀስ ብለው፣ «ዱአው መሀል ተነስቼ ብሄድ ኖሮ፣ አንቺስ እንዲያ ያለውን ሰው ትመርጭው ነበር?»

ጣቷን አውጥታ አሳየቻቸው። ቀለሙ አልለቀቀም።

«እኔማ ጠዋት መርጬዎታለሁ» አለች።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ዛሬ ለለቅሶ ቤቱ ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ፤ ሰው ይጠብቀኛል» ብላ ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ከኋላዋ ዘጋችው።