ተያዥ ፍለጋ፣ ከኮልፌ እስከ አቃቂ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ኮልፌ

ከቤት የወጣሁት ሰው ፍለጋ ነው። ሥራውንማ አግኝቼዋለሁ። ፒያሳ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ካሸር አድርጎ ሊቀጥረኝ ተስማምቷል። ባለቤቱ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር እንደተቀመጡ፣ ሰኞ እስከ ቀትር ደመወዝተኛ የሆነ ተያዥ ይዤ እንድመጣ፣ ካልሆነ ግን ቦታውን የምትጠብቅ ሌላ ልጅ እንዳለች ነገሩኝ። ተያዥ ማለት እኔ የመደብሩን ብር ይዤ ብጠፋ የሚከፍል ሰው ነው። እኛ ሰፈር ሸማኔ አለ፣ ቸርቻሪ አለ፣ አናጢ አለ፤ በየወሩ ደመወዝ የሚቀበል ግን ማንን ልጥራ?

ታይፕ ተምሬ ከጨረስኩ ወዲህ ዓመት ሙሉ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ስጠና ከርሜያለሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቀና ብዬ ሳነብ አንገቴ ዝሏል። ዘበኞቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ዛሬም የለም፣ እኅቴ» ማለት ጀምረው ነበር። ይህም ካመለጠኝ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ ደብረ ብርሃን መመለሴ ነው።

የምኖረው ከአክስቴ ከወይዘሮ አየለች ጋር ነው። አክስቴ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ካቦ የሆኑ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ያገራችንን ሰው በስም ታውቃለች። ሠራተኛ የሚያዝዙ፣ ደመወዛቸውም ደህና የሆነ ሰው ናቸው። እንዴት እንደምንደርስባቸው ስንመካከር እናታቸው ማረፋቸውን ሰማን። እኔ ወዲያው ነጠላዬን አነሣሁ። አክስቴ ግን ፊቷ ተለዋወጠ፤ በሰው ለቅሶ ላይ ተያዥ አይለመንም፣ እኔ እዚያ አልገኝም አለች። ለማልቀስ ነው የምሄደው ብዬ ወጣሁ። አላመነችኝም፤ እውነትም አልነበረም።

መንገዱ

አሥራ አምስት ሳንቲም ለማትረፍ እስከ መርካቶ በእግሬ ሄድኩና ከዚያ የአቃቂን አውቶቡስ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዶሮ ታቅፈዋል። ዶሮዋ እስከ ቃሊቲ ድረስ የነጠላዬን ጥለት ስትለቅም ሄደች፤ ባለቤቷ ደግሞ እኔን ነበር የሚቆጡት። ከቃሊቲ ወዲያ ሜዳው ተገለጠ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ ከክምሩ ማዶ የፋብሪካዎቹ ጭስ ማውጫ ይታያል። ከ«እግዜር ያጽናዎት» ቀጥሎ የምናገረውን በልቤ እያጠናሁ ሄድኩ።

አቃቂ ስወርድ ፌርማታው ላይ ሙዝ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። «እናታቸው ያረፉባቸው ሰው ቤት ወዴት ነው?» አልኩት። ወደ ባሕር ዛፎቹ አመለከተኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እንደ ደንቡ እያለቀስኩ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ።

ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጥቂት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ለደንቡ ያህል ላለቅስ ነበር የገባሁት። ነገር ግን ጢሙ ያደገ አንድ ሰው አገጩን በእጁ ደግፎ ቀስ ብሎ «እማዬ» ሲል እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷ ያረፈች ጊዜ ክረምት ነበር፤ መንገድ ተቆርጦ ለቀብሯ አልደረስኩም። ያን ጊዜ ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩት።

ደግፈው አስቀመጡኝና ንፍሮ ሰጡኝ። ትንፋሼ ሲመለስ አጠገቤ ያለችውን ሴት ጋሽ ወርቁ የት እንዳሉ በሹክሹክታ ጠየቅኋት።

«የካቦው ድንኳን ከወንዙ ማዶ ነው» አለችኝ። «እኛ ዘንድ ያረፉት የባለቤቴ እናት ናቸው።»

መግቢያ ጠፋኝ። ያን ያህል አልቅሶ ወዲያው ውልቅ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ከአርሲ ከመጡ ገና መንፈቃቸው ነው፤ እድር አልገቡም፤ ድንኳኑም የውሰት ነው። በእኛ ሰፈር ለቅሶ የደረሰበት ቤት እሳት አያነድድም፣ ውሃ አይቀዳም፤ ጎረቤት ነው የሚያደርግለት። እዚህ ግን ያቺው ሐዘንተኛ ሴት ራሷ እንስራ አንሥታ ስትወጣ አየሁ። ያን ማየት አልቻልኩም። እንስራውን ተቀብያት ውሃ ቀዳሁ፣ ዕቃ አጠብኩ፣ ለመጣው ሁሉ ንፍሮ አቀረብኩ። ስንሠራ ለማን እንደመጣሁና ምን እንደምፈልግ ሳልደብቅ ነገርኳት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

ከወንዙ ማዶ

ከሰዓት በኋላ ተሰናብቼ ወደ ካቦው ድንኳን ተሻገርኩ። ሰው በሰው ላይ ተደርቧል። ብልጧ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር! በሩ አካባቢ ሱሪያቸውን የተኮሱ ጎረምሶች ቆመዋል፤ ሁለቱን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር አውቃቸዋለሁ። ጋሽ ወርቁ ቀና ባሉ ቁጥር የእነሱ ለቅሶ ይበረታል።

ተራዬ ደርሶ እጃቸውን ስይዝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። «አንቺም ለሥራ ነው የመጣሽው?» አሉኝ፤ ቁጣ የለውም፣ ድካም ብቻ ነው። ያጠናሁትን ሁሉ ተውኩት። እግዜር ያጽናዎት ብዬ ወጣሁ።

ፌርማታው ላይ ቆሜ ደብረ ብርሃንን ሳስብ ያ ጢሙ ያደገው ሰው እየተጣደፈ መጣ። ሚስቱ ሁሉንም ነግራዋለች።

«መካኒክ ነኝ፤ ደመወዝ አለኝ» አለኝ። «ሰኞ የት ልምጣ?»

«አያውቁኝም እኮ» አልኩ።

«አንቺስ እናቴን መቼ አወቅሻት?»

የመደብሩን ቦታ ነገርኩት፤ አውቶቡሱም መጣ። ስሙን አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ ቃሊቲ ስደርስ ነው። እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም።

ሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ መደብሩ በር ላይ ቆምኩ። ያቺ የምትጠብቀው ልጅም መጥታ ከወዲያ ማዶ ቆማለች። ቀትር ሊሆን ሲል ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ፣ ጢሙን ያልተላጨ ሰው ከአስፋልቱ ማዶ ሲሻገር አየሁ። ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች አዩትና ምኗ እንደሆነ ጠየቁት።

«እኅቴ ናት» ብሎ ፈረመ። ስሙ ተሰማ መሆኑን ያኔ ሰማሁ። ረቡዕ ሥራ እንድጀምር ታዘዝኩ።

ኮልፌ የገባሁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በመንገዱ ሁሉ ፈጣሪን ሳመሰግን መጣሁ። ሥራ ለምትፈልጉ የምመክረው ብልሃት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት የቆምኩት ልለምን ነበር፤ ያን ቀን ግን ልመናዬን ረስቼ እንስራ ተሸከምኩ። እንዲህ ያለ ነገር ታቅዶ አይደረግም፤ ቢታቀድ እንደነዚያ ጎረምሶች መሆን ነው።

አክስቴ ሁሉን ሰማችኝ። ከዚያ ተነሥታ ከሳጥኗ ጥቁር ቀሚሷን አወጣች።

«ወንድምሽ ብቻውን ተቀምጧል አላልሽም?» አለችኝ። «በይ ጎረቤቶቻችንን ጥሪ። ነገ ማልደን አቃቂ ለቅሶ እንሄዳለን።»