የአባቴ ጠመንጃ ቃታ ስንት ኪሎ ነው?

አባቴ ከርከሮ አልሞ ፓፓያ የመታ ዕለት እኔ ሶዶ ላይ ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ እያስተማርኩ ነበር። ወሬውን የሰማሁት ከሰዓት በኋላ እናቴ ስትደውል ነው።

«ሰላም ነን» አለች ገና ሄሎ ሳልል። እናቴ በዚህ ከጀመረች አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም። አባትሽ ጠዋት ተኩሶ ነበር።»

«መታ?»

«መታ።»

«ከርከሮውን?»

«ፓፓያውን።»

ወላጆቼ የሚኖሩት ከተበላ ከተማ ዝቅ ብሎ፣ ቆላው ላይ ነው። የበቆሎ ማሳቸው ከቁጥቋጦ ጋር ይዋሰናል፤ ከቁጥቋጦው ደግሞ ቀን ዝንጀሮ፣ ጎህ ሲቀድ ከርከሮ ይወጣል። አባቴ በግብርና ባለሙያነት ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ፈቃድ ያለው አንድ አሮጌ የአደን ጠመንጃ አለው። ሰብል የሚያጠፋ አውሬ ሲመጣ እንደሚተኩስ ቀበሌው ያውቃል፣ ጎረቤቱም ያውቃል። የማያውቀው ከርከሮው ብቻ ነበር። በማግሥቱ ተመልሶ መጥቶ የወደቀውን ፓፓያ በላ።

ይህን ታሪክ ለባለቤቴ ባልነግረው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ባለቤቴ የጎጃም ልጅ ነው፤ መሐንዲስ ሆኖ ሶዶ ተመደበ፣ እኔን አገባ፣ ቀረ። ስለ ጠመንጃ የማያውቀው ነገር የለም፣ ከመተኮስ በቀር። ፓፓያው እንደወደቀ ሲሰማ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሣ።

«ቃታው ነው» አለ።

«አባባ ነፋስ ነው ብሏል።»

«ነፋስ ጥይት አያጣምም። ቃታው ከብዶ ነው። ቃታ ሲከብድ ሰው ይጎትተዋል፤ ሲጎትተው አፈሙዙ ይዞራል። ቅዳሜ እንሄዳለን።»

ቅዳሜ በሚኒባስ ወረድን። እናቴ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበች። ባለቤቴ ዳጣውን እንደ ጀግና ይጀምርና እንደ ሕፃን እያለቀሰ ይጨርሳል፤ ያን ቀንም እንደዚያው ሆነ። አባቴ ውኃ አቀበለውና «ጠጪ፣ ጠጪ» አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። አባቴ አማርኛን ያገኘው በቢሮና በገበያ ነው፤ ወንድና ሴት የሚባለውን ነገር ብዙም አይጨነቅበትም። በሬው «እሷ» ነው፣ እናቴ «እሱ» ናት። በተጋባን ሰሞን ባለቤቴን «ቆዪ፣ እሱ ምሳ እየሠራ ነው» ብሎት፣ ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብቶ ምሳ የሚሠራውን ሰውዬ ሲፈልግ ነበር። ግን አይፈረድበትም። የባለቤቴ ወላይትኛ ከሰባት ዓመት በኋላም ከ«ሳሮ» አላለፈም፤ እሱንም ለሰላምታም ለስንብትም ለይቅርታም ይጠቀምበታል።

ከምሳ በኋላ ጠመንጃው ወጣ። አባቴ ካዝናውን አወለቀ፣ አቀባብሎ ሆዱን አየ፣ ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰ፣ ለእኔም አሳየኝ። ይህን በሕይወቱ አንድ ቀን ዘሎት አያውቅም። ከዚያ በባዶ ሲሳብ መርፌው እንዳይጎዳ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ አስገባበትና አፈሙዙን ወደ ኮረብታው አዙሮ ለባለቤቴ ሰጠው።

ባለቤቴ ቃታውን ሳበ። ፊቱ ቀላ። እንደገና ሳበ። ከብዙ ትግል በኋላ «ቀጭ» አለ።

«አባባ፣ ይሄ ቃታ አይደለም፤ የጉድጓድ ውኃ ገመድ ነው።»

«ጠንካራ ነው። ጠንካራ ጥሩ ነው። ሳታስቢ አትተኩሽም።»

«እርስዎ አስበው ተኩሰው ፓፓያ አይደል የመቱት?»

አባቴ በነገር ሲረታ ሰውን የፈለገውን እንዲያደርግ ይተወዋል፤ ይህ ድክመቱ ነው። ባለቤቴ ቃታው አጠገብ አንዲት ትንሽ ቡሎን አገኘ፤ ከኪሱ ትንሽ ጠመዝማዣ አወጣ። ኪሱ ውስጥ ጠመዝማዣ ይዞ እንደመጣ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ትንሽ አላላት። ሞከረ። አሁንም አላላት። «እንደ ቅቤ!» አለ በመጨረሻ፤ አቀባበለና ለአባቴ መልሶ ሰጠው።

አባቴ ተቀብሎ ሰደፉን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አሳረፈ።

ቀጭ።

ማንም ቃታውን አልነካም። ውስጡ ባዶ ቀለህ ብቻ ስለነበር የሆነ ነገር የለም፤ ግን አራታችንም አፈሙዙ የት እንደነበረ አየን። ከአባቴ ጆሮ አጠገብ ነበር። ባለቤቴ ጠመዝማዣውን ኪሱ ከተተ። እናቴ የቦዬውን ሳህን አነሣችና «ቅቤው ቀልጧል» ብላ ገባች።

እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። በዚያች ደቂቃ አባቴን አየሁት፤ ጠመንጃውን እንደታመመ ሰው በሁለት እጁ ደግፎ አጋደመው፣ ቀለሁን አወጣ፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት።

በሳምንቱ ግን ክርክሩ በስልክ ቀጠለ። አባቴ ቃታው ወደ ጥንቱ ይመለስ ይላል። ባለቤቴ «ትንሽ ብቻ ይጥበቅ፤ ስሕተቴ በአንድ ዙር ነው» ይላል። ሁለቱም ጣታቸው እንደ ወርቅ ሚዛን ነው። አባቴ «የአንድ ማንኪያ ስኳር ልዩነት ቢኖር ጣቴ ያውቃል» ሲል፣ ባለቤቴ «የግማሽ ማንኪያም ያውቃል» ይላል። እኔ ደግሞ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ስሰማ እጄን ይበላኛል። አርብ ዕለት ከትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ፣ አስፈርሜ፣ ሞላ ያለውን ተንጠልጣይ ሚዛን ተዋስኩ። የተዋስኩበት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ለተግባር ልምምድ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም።

ቅዳሜ በድጋሚ ወረድን። የሚዛኑን መንጠቆ በሲባጎ ከቃታው ጋር አያያዝኩ፤ ባለቤቴ ሰደፉን ያዘ፤ እኔ ቀጭ እስኪል ድረስ ቀስ እያልኩ ሳብኩ። ንባቡን በኒውተን ልነግራቸው ስጀምር አባቴ «በኪሎ ተናገሪ፤ እዚህ ገበያ ነው» አለኝ። የባለቤቴ ቅቤ ስድስት መቶ ግራም ወጣ። ቡሎኗን እንደ ጥንቱ አጥብቀን ስንመዝን ደግሞ ከአራት ኪሎ ትንሽ የጎደለ ሆነ።

«ጠመንጃው ራሱ አራት ኪሎ አይሞላም» አልኳቸው። «ቃታው ጠመንጃውን ያህል ከከበደ ጣታችሁ የሚስበው ቃታውን ሳይሆን ጠመንጃውን ነው።»

«አላልኩም?» አለ ባለቤቴ።

«ስድስት መቶ ግራም ደግሞ አንድ ጭልፋ ወጥ ነው» አልኩት። «አይጥ ብታስነጥስ ይተኮሳል።»

«አላልኩም?» አለ አባቴ።

ስለዚህ መሐሉን እንፈልግ ተባለ። መሐሉ ግን ለአባቴ ሦስት ተኩል፣ ለባለቤቴ አንድ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ነው ተንኮሉ የመጣልኝ። «እኔ ጓዳ ገብቼ አራት ዓይነት ክብደት አደርግላችኋለሁ፤ ቁጥር ሳልነግራችሁ ትሞክራላችሁ፤ ጣታችሁ ይፍረድ» አልኳቸው። በደስታ ተስማሙ።

ጓዳ ገባሁ። እናቴ ተከተለችኝ። ቡሎኗን አስተካክዬ መዘንኩ፤ ሁለት ኪሎ ገደማ። ወጥቼ ሰጠኋቸው። አባቴ ሳበ፣ ባለቤቴ ሳበ፣ አስተያየታቸውን ደብተር ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ጠመንጃውን ይዤ ጓዳ ተመለስኩ፤ ጠመዝማዣውን ብረት ላይ ትንሽ አንቋቋሁ፤ ምንም ሳልነካ ወጣሁ።

«ቁጥር ሁለት!»

ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ። «እህ! ይቺ ሌላ ናት። ወደ ቅቤው ተጠግተሻል። ይቺ ትሁን።»

«በጣም ላላ» አለ አባቴ። «እሷ ሰው ይገድላል።»

ቁጥር ሦስትንም እንዲሁ አድርጌ አወጣሁ። አባቴ «ይሄ ነው! ጠንካራ፣ ጨዋ» አለ፤ ባለቤቴ ጣቱን እያሻሸ «እንደገና የጉድጓድ ገመድ አደረግሽው» ብሎ አማረረ። በቁጥር አራት ሁለቱም በአንድ ድምፅ «አደገኛ ነው፣ ይቅር» አሉ። ባለቤቴ እንዲያውም «መጨረሻ ላይ የሚያንሸራትት ነገር አለው» ብሎ ጨመረ፤ እኔም ቃል በቃል ጻፍኩለት።

ሚስጥሩ የወጣው በእናቴ ነው። ጓዳ ውስጥ በነጠላዋ አፏን ይዛ ቆይታ ነበር፤ «የሚያንሸራትት» የሚለውን ስትሰማ ግን አልቻለችም። ሳቋ ግድግዳውን አልፎ መጣ።

«ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«አራቱም አንድ ናቸው» አልኩ።

አባቴ መጀመሪያ አልገባውም፤ በወላይትኛ ደገምኩለት። ከዚያ በርጩማው ላይ ተጣጥፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀም። ደብተሩን ተቀብሎ የራሱን ቃላት አንድ በአንድ አነበበ። «ሳሮ» አለ በመጨረሻ። ይቅርታ ይሁን ስንብት አልተረዳንም።

እናቴ ሳቋን ጨርሳ ወጣችና ማናችንም ያላሰብነውን ተናገረች። «በልቶ የተቀመጠ ጣት ሁሉም ይስማማዋል» አለች። «ከርከሮ ሲመጣ ይሄ ሰውዬ ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ እየሮጠ፣ እጁ በጤዛ ረጥቦ ነው የሚተኩሰው። በዚያ እጅ ሞክሩት።»

ስለዚህ ሁለቱን አሯሯጠቻቸው። እስከ ታችኛው አጥር ሮጠው ይመለሳሉ፤ እናቴ ባልዲ ይዛ ትጠብቃለች፤ እጃቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፤ ከዚያ ባዶውን ጠመንጃ ተቀብለው ወደ ኮረብታው ያነጣጥራሉ። በዚህ ጊዜ ክብደቱን የምር ቀያየርኩ፤ ሚዛኑንም በፊታቸው አነበብኩ። ጎረቤቶች አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩ ነበር። አንዲት ሴትዮ ለመኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና የሚዘጋጁ መስሏት «መኪናው የት አለ?» ብላ ጠየቀች።

በስድስት መቶ ግራም ባለቤቴ ሰደፉን ትከሻው ላይ ሳያደርስ ቀጭ አለበት። በውኃ የራሰ ጣቱ ቃታውን መንካቱን እንኳ አላወቀም ነበር። በአራት ኪሎ አባቴ ሲስብ አፈሙዙ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ አለ፤ ሳንቲም ብናስቀምጥበት ተበላ ገበያ ትደርስ ነበር። ሁለት ኪሎ ላይ ሁለቱም እያለከለኩ ሳቡ፤ አፈሙዙ ካለበት አልተነቃነቀም። ማንም «አላልኩም?» አላለም፤ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

ከዚያ ቃታው ሁለት ኪሎ ላይ እንዳለ፣ ጠመንጃው ተቀባብሎ ባዶውን ሳለ ሰደፉን በመዳፌ ደጋግሜ መታሁት፤ መሬት ላይም አሳረፍኩት፣ ጠበቅ አድርጌም መታሁት። ዝም። አባቴ ራሱ አሥር ጊዜ ካልደገመው አላመነም።

በሳምንቱ አባቴ ጠመንጃውን ጠቅልሎ፣ ፈቃዱን ደረት ኪሱ ይዞ፣ ሶዶ ወዳለ አንድ ጠመንጃ የሚጠግን ሽማግሌ ወሰደው፤ እኛም አብረን ሄድን። ሽማግሌው ፈታው፣ ጠረገው፣ ቡሎኗን በመነጽሩ ላይ ዓይኑን አጥብቦ አየ።

«ልኩ ጥሩ ነው፤ እዚሁ ይቆይ» አለ። ቀጥሎ ግን «እዚህ ጋ የተፋቀው ምንድን ነው? ማን ነካው?»

አባቴ ወደ ኮርኒሱ አየ። እኔ ወደ ውጭ አየሁ።

«እኔ ነኝ» አለ ባለቤቴ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«መሐንዲስ።»

«ድልድይ ስትሠራ ንገረኝ፤ በሌላ መንገድ እሄዳለሁ» አለ ሽማግሌው። ቡሎኗ እንዳትዞር አንዲት ጠብታ ቀለም አደረገባትና ጠመንጃውን መለሰልን። አባቴ እስከ መናኸሪያው ድረስ ባለቤቴን በክንዱ ይዞት ሄደ፤ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ሲለው እሰማለሁ።

ወር ገደማ ቆይቶ አንድ ጠዋት አባቴ ራሱ ደወለ። እሱ ስልክ የማይወድ ሰው ነው። ጎህ ሲቀድ ከርከሮው መጥቶ ነበር አለኝ። ሮጦ ወጣ፤ ተንበረከከ፤ አነጣጠረ፤ ጣቱ ቃታው ላይ አረፈ፤ መሳብም ጀመረ። ከከርከሮው በስተጀርባ፣ በበቆሎው መሐል፣ ቢጫ ጀሪካን አየ። ጀሪካኑ ይንቀሳቀሳል። ጎረቤታችን ውኃ ልትቀዳ በአቋራጭ እየመጣች ነው።

«ከዚያስ?»

«ጣቴን አወጣሁ።»

«ግን ጀምረህ ነበር።»

«ጀምሬ ነበር። እሱ ጠበቀኝ።» ቃታውን ማለቱ ነው። በዚያች ደቂቃ ከአንድ ጭልፋ ወጥ ሁለት ኪሎ ምን ያህል እንደሚርቅ ገባኝ። ከዚያ ጠመንጃውን አስቀምጦ እንዳጨበጨበ፣ ከርከሮው እንደሸሸ፣ ሴትዮዋም ምንም ሳታውቅ «በጠዋቱ ምን ያስጨበጭብሃል?» ብላው እንዳለፈች ነገረኝ። ምን አልካት ስለው «መዝሙር ነው አልኳት» አለ።

እናቴ ስልኩን ተቀበለችው።

«ሰምተሻል» አለች። «ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በመጪው ቅዳሜ ስትመጡ ለበቆሎው ማሳ የአጥር ሽቦ ይዛችሁ ኑ። ብዙ አድርጉት።»