አምባዛዎቹ የወጡ ቀን

ጅዳ ላይ ዝናብ ጥሎ የሰፈሬ የበኒ ማሊክ አቧራ ሲርስ፣ ያ የጭቃና የዓሣ ሽታ መስኮቴ ድረስ ይመጣል። ዓሣ የለም እኮ፤ ከታች ያለው ጎማ ቤት ነው። ሽታውን የሚያመጣው የራሴ አፍንጫ ነው።

ያደግሁት ከመካ ወጣ ብሎ ባለ የቴምር እርሻ ውስጥ ነው። አባቴ ዘበኛም ገበሬም ነበር። እሱ ኢቃማ ነበረው፣ እኔና እናቴ ግን መኖሪያ ወረቀት የሚባል ስላልነበረን ከአጥሩ አንወጣም ነበር። ትምህርት ቤት ማለት ለእኔ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያልፍ የማየው ቢጫ አውቶቡስ ነበር።

በበጋ፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት ወራት፣ የእርሻው ጌታ ጅዳ ሄዶ ይከርምና አስቤዛ መላኩን ይረሳው ነበር። አባቴ ወሎ ሳለ ከጓሮው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አምባዛ የሚባለውን ዓሣ እያረባ እናቱንና እህቶቹን ይመግብ ነበርና፣ እዚህም ከአንድ ሱዳናዊ ትንንሽ አምባዛዎች በባልዲ ተቀብሎ የመስኖው ገንዳ ውስጥ ለቀቃቸው። አምባዛ ውሃው ቢሞቅም ቢቆሽሽም አይሞትም። የዶሮ አንጀትና የደረቀ የኹብዝ ዳቦ እየጣልንላቸው አደጉ፤ አባቴም ገንዳውን በሽቦ መረብ ከድኖ ዳር ዳሩን ድንጋይ ጭኖበት ነበር።

እናቴ መጀመሪያ አልነካም ብላ ነበር።

«ጢም ያለው ዓሣ! እባብ ነው ያመጣህብኝ፣ ሰይዶ!»

«መካ ደርሶ ጢም ያላሳደገ ማን አለ?» ይላታል እየሳቀ።

በላች፤ ሁላችንም በላን። ግን መኪና በሩ ላይ ባዘገመ ቁጥር እናቴ የጎረሰችውን ሳታላምጥ፣ እጄን ይዛ የከብት ሣሩ ማሳ ውስጥ ትደበቅ ነበር። እኔ ከዓሣው ጋር ፍርሃት እየበላሁ ነው ያደግሁት።

ብርዱ ገባና አንድ ቀን ጠዋት ሰማዩ ጠቆረ። በአባቴ አገር የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ በረካ እንዲገባበት የቤቱ ዕቃ ሁሉ ክዳኑ ይነሳለታል። እሱም እንደ ልጅ እየፈነጠዘ ድንጋዮቹን አንስቶ የገንዳውን መረብ ገፈፈው።

«አንተ ሰውዬ፣ ተው!» አለችው እናቴ።

«የአላህ ራህመት ሲወርድ ክዳን አይከደንም!»

ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ። አምባዛ እርጥብ መሬት ካገኘ በሆዱ እየተሳበ ይሄዳል። አባቴ ይህን ያውቅ ነበር፤ ደስታ አስረሳው። ዓሣዎቹ በጭቃው እየተንፏቀቁ፣ በበሩ ሥር ሾልከው አስፋልቱ ላይ ወጡ። አንድ መኪና ቆመ፣ ሌላም ቆመ፣ ሰው እየሳቀ ፎቶ ያነሳ ጀመር። አባቴ ጆንያ ይዞ ሲያሯሩጣቸው ፖሊስ ደረሰ።

ፖሊሱም እየሳቀ ነበር። ዓሣው ከየት እንደመጣ ሊያይ ገባና ገንዳው ዳር የእኔን አንድ እግር ሸበጥ አገኘ፤ ያኔ ሳቁን ተወ። አባቴ ኢቃማውን እያሳየ «ብቻዬን ነኝ፣ ወላሂ ብቻዬን!» ሲል ከእናቴ ጋር ከተደበቅሁበት ሣር ውስጥ ሰማሁት። በሐሰት ሲምል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፖሊሱ ግን ጭቃው ላይ ያለውን የእግሬን ዱካ ተከትሎ እኛ ጋ ደረሰ።

እኔንና እናቴን ወደ አገር መለሱን፣ አባቴ እዚያው ቀረ። አድጌ ስመጣ መካ ተቀብሮ ጠበቀኝ። እዚህ መቃብር ላይ ስም አይጻፍም፤ ቢጻፍም ያኔ አላነብም ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው።

ዛሬ እኔም፣ ሚስቴም፣ ልጄም ኢቃማ አለን። ዝናብ ሲጀምር ልጄ «ባባ፣ መጠር! መጠር!» እያለ ዝናቡን በዓረብኛ እየጠራ ወደ መንገድ ይሮጣል፤ ከአጥር ጀርባ ያስቀረው የለም። ሚስቴም «መስኮቱን ክፈተው እንጂ፣ ራህመት እኮ ነው» ትለኛለች። ራህመት መሆኑን መች አጣሁት። መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ኢቃማዬ ኪሴ ውስጥ መኖሩን እዳብሳለሁ፣ ከዚያ ልጄን ተከትዬ እወጣለሁ፤ ጭቃው ላይ የተወውን ዱካ በጫማዬ እያጠፋሁ።