ይርጋን ይከተሉት የነበሩ ሰዎች

አባቴ በሰው ላይ ጠመንጃ ሲያነሳ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ያስታወሰኝ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የተነፈሰ ጎማ ነው። ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የደብረ ታቦር መምህራን ኮሌጅ አጥር ጥግ ሲደርስ ጎማው ተንፍሶ ቆመ። ሾፌሩ እየተነጫነጨ ክሪኩን ሲያወጣ ከአጥሩ ወዲያ የወንዶች ድምፅ ተነሳ። መጀመሪያ አንዱ ብቻውን አወጣ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ ከሥሩ ገቡና ዜማውን ተሸከሙለት። ለምረቃ የሚለማመደው የኮሌጁ የወንዶች ኅብረ ዝማሬ ነው። መኪናው ውስጥ ስለ ታሪፍ የሚከራከሩት ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ፣ «እማማ፣ እነዚህ እንዴት ነው ሰው የሚመርጡት? ወንድሜ ልግባ ብሎ ቢጠይቃቸው ስቀው መለሱት» አለችኝ።

እኔም ሳቅሁ። ጎማው እስኪቀየር ድረስ ታሪኩን አወራሁላት። የሚሰማኝ ሰው ካገኘሁ መቼም ዝም ማለት አልችልበትም። ለእሷ ያሳጠርኩትን እዚህ ላስረዝመው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ የጉና ነፋስ ያለ ከልካይ የሚገባበት ዳገት ላይ ነበር። ገብስ እንዘራለን፣ ድንች እንተክላለን። ከሩቅ ላየን ሰላም የሰፈነበት ቤት ነው። ግን ደም ነበረብን። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ እኔ ገና ነፍስ ሳላውቅ፣ በእብናት በኩል ከብት ገበያ ላይ በተነሳ ጠብ ሰው ገደለ። አጎቴ እስር ቤት ታሞ ሞተ። እርቅ ሳይወርድ ቀረ። አጎቴ ልጅ አልነበረውምና፣ የሟች ወገኖች ከተነሱ የሚፈልጉት የአባቴን አንድ ወንድ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሜን ይርጋን እንደሆነ ማንም ሳይነግረን እናውቅ ነበር። የሟች ልጅ ደግሞ አድጎ ጎረምሳ ሆኗል ይባላል።

ደም ያለበት ቤት ውስጥ ያላደገ ሰው ይህን ኑሮ አያውቀውም። አባቴ በአንዱ መንገድ ገበያ ከሄደ በሌላው ነው የሚመለሰው። ሲበላ ፊቱ ሁልጊዜ ወደ በሩ ነው። ውሻችን ከጮኸ ጉርሻው አፉ ውስጥ ይቆያል፤ ማን እንደመጣ እስኪታወቅ አያኝክም። እናቴ እንግዳ ሲመጣ ውኃ ከማቅረቧ በፊት ወገኑን ትጠይቃለች። እኛም ልጆቹ ሳናውቀው የሰው እጅ ቀድመን፣ ፊቱን ኋላ የምናይ ሆነን አደግን።

ይርጋ መምህር ለመሆን ኮሌጅ ልግባ ሲል ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አባቴ፣ ከተማ ውስጥ ማን እንደሚከተለው በምን አያለሁ ብሎ እምቢ አለ። እናቴ ደግሞ ከጫካ መንገድ ሰው የሞላበት ግቢ ይሻለዋል ብላ ተሟገተች። በመጨረሻ እሷ ረታች፤ አባቴ ግን ቁርጡን ተናገረ።

«አንድ ነገር የሸተተኝ ቀን ትምህርቱ አበቃ። መተማ አክስቱ ዘንድ ይወርዳል።»

ከዚያ ወዲህ ይርጋ ሰኞ በሶና ቆሎውን ይዞ ከተማ ወዳለችው ኪራይ ክፍሉ ይሄዳል፤ ዓርብ ይመለሳል። ሲመለስ አንብቦ የጨረሰውን መጽሐፍ ያመጣልኛል። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ የቀረውን ራሴ ነኝ የለቃቀምኩት። ስለዚህ ይርጋ መተማ ከወረደ የሚቋረጠው የእሱ ትምህርት ብቻ አልነበረም።

ሽታው የመጣው ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው። እቴ ዘውዴ የምትባል፣ ገበያው ዳር ጠላ የምትሸጥ ጎረቤት ነበረችን። አንድ ቀን እያለከለከች መጣችና ለእናቴ ጉዱን ነገረቻት። የማታውቃቸው ጎልማሶች ጠላ ሊጠጡ ገብተው ስለ ይርጋ ሲጠይቁ ዋሉ አለች። አንደኛው የባሕር ዛፍ ቋሚ የሚያህል ረጅም ነው። ቅዳሜ ገበያ ይወጣል ወይ፣ ከማን ጋር ይጫወታል፣ ለቅሶ ይደርሳል ወይ፣ የቤቱ ውቂያ መቼ ነው ብለዋታል።

«አንቺስ ምን አልሻቸው?» አለች እናቴ።

«የጠየቁኝን ነዋ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጠላዬንም አመስግነዋል።»

እናቴ ከዚያች ቀን ጀምሮ እቴ ዘውዴን እንደ ድሮው አላየቻትም። ቅቤ ልትበደር ስትመጣ እንኳ ከደጅ ነበር የምትሸኛት። እኔም ብሆን ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ሰው የት እንደሚውል መጠየቅ ያለ ነው። ለቅሶ መድረሱንና የውቂያውን ቀን የሚጠይቅ ግን፣ ሰው ሐሳቡ የሚበተንበትን ጊዜ ጠብቆ የሚያደባ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ድንች ልሽጥ ብዬ ወረድኩ፤ የወረድኩት ግን ለማየት ነበር። ይርጋ አህዮች ከሚታሰሩበት ጥግ ከጓደኞቹ ጋር ቆሟል። የወንድሜ ሳቅ የታወቀ ነው፤ ከሆዱ ይነሳና ወደ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ አላፊ አግዳሚው ሳይወድ ይስቃል። ጨው ሻጮቹ ጋ ግን ጋቢ የደረቡ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆመዋል። ጨው አይገዙም። ዋጋ አይጠይቁም። ይርጋ በሳቀ ቁጥር አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ፤ ረጅሙ ራሱን ይነቀንቃል። ከጋቢው ሥር ክርኑ ላይ የተጣፈ ቡናማ ሹራብ ለብሷል። ይርጋ ዞር ሲል ቀድመውት ዞረው በሕዝቡ መሐል ጠፉ። ድንቼን ለመጀመሪያዋ ገዢ በጠራችው ዋጋ ሰጥቼ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ የአባቴ አክስት አረፉ። ይርጋ በእጃቸው ያደገ ነውና ሬሳው ሲወጣ ሙሾ አወረደ። ድምፁ መሐል ላይ ይሰበራል፤ ተሰብሮም ይቀጥላል። እኔ ግን ማልቀሱን ትቼ ከኋላ ያሉትን ነበር የማየው። መጥተዋል። ረጅሙ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እንባ ግን የለውም። ጠጋ አልኩት።

«ወንድሜ፣ ከማን ወገን ናችሁ?»

አየኝ። ጓደኞቹን አየ። ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ራሱን በአሉታ ነቀነቀና ይዟቸው ሄደ። በእኛ አገር ለቅሶ መጥቶ ወገኑን የማይናገር ሰው የለም። ሁሉም እዚያው ላይ ያለቀለት መሰለኝ።

ማታ ራት ላይ አባቴ ውቂያው እንዳለቀ ይርጋ መተማ ይወርዳል አለ። ይርጋ እንጀራውን አስቀመጠ።

«አባባ፣ የእብናት ሰዎች ቢሆኑ በየሳምንቱ ብቻዬን ስመላለስ መንገድ ላይ አያገኙኝም ነበር?»

«ታውቃቸዋለህ እንዴ?»

«ከኋላዬ የሚቆሙ ሰዎችን በምን አውቃለሁ?»

አባቴ ረዘም አድርጎ አየው። ያን አስተያየት አልረሳውም። ልጁንም መጠርጠር ጀምሮ ነበር፤ የደበቀኝ ነገር አለ ብሎ። እናቴ ደግሞ ጎረቤቱን ትጠረጥራለች። እኔ ሁሉንም ሳላስቀር እጠረጥራለሁ። በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠን አንዳችን የሌላውን ፊት እንሰልል ነበር።

የውቂያው ቀን ደረሰ። ታኅሣሥ ነው፤ ጠዋት አመዳዩ ሣሩን ሸፍኖት ያድርና ፀሐይ ስትወጣ ሰማዩ ይጠራል። ጎረቤት በወንፈል ተሰበሰበ። በሬዎቹ በገብሱ ላይ ይዞራሉ፤ እብቁ አፍንጫ ይገባል፣ አንገት ይበላል። እኔ የተቀቀለ ድንች ባዋዜና ጠላ እያመላለስኩ ነው። አባቴ ወገቤን አመመኝ ብሎ ከገለባው ክምር ጀርባ ተቀምጧል። ወገቡን እንዳላመመውና ጋቢው ሥር ምን እንዳለ የምናውቀው እኔና እናቴ ነን።

ይርጋ በሬዎቹን እየነዳ የውቂያውን ዘፈን ያወጣል። እሱ ሲያወጣ የቀሩት መቀበል አለባቸው። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን የሰው ጉሮሮ በእብቅ ተዘጋ። አንዱ ያስላል፣ ሌላው ውኃ ይጠይቃል። ይርጋ አወጣ፤ የሚቀበለው ጠፋ። ደግሞ አወጣ። በዚህ መሐል ከአውድማው ወዲያ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ የጋቢ ጫፍ ብቅ ብሎ ሲጠፋ አየሁ። አባቴን ዞር ብዬ ሳይ እሱም አይቷል። ጋቢውን ጥሎ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኳል፤ አፈሙዙ ካቡ ላይ ነው።

ይርጋ ለሦስተኛ ጊዜ አወጣ።

ከካቡ ጀርባ ተቀበሉት። መጀመሪያ አንድ ቀጭን ድምፅ ነው፤ አምልጦት እንደወጣ ያስታውቃል። ቀጥሎ ሌላው ገባ፤ መጨረሻ ላይ ምድሩን የሚያንቀጠቅጥ ወፍራም ድምፅ ከሥር ያዛቸው። የራሳችን የውቂያ ዘፈን ነው፤ ግን እንደዚያ ሲዘፈን ሰምተነው አናውቅም። ቦራ በሬያችን እንኳ ጆሮውን አቅንቶ ቆመ።

«ውጡ!» አለ አባቴ።

እጃቸውን አንስተው ወጡ። ረጅሙ ፊቱ አመድ መስሏል።

«የእብናት ሰዎች ናችሁ?»

«እኔ የአንበሳሜ ሰው ነኝ፣ አባቴ። እነዚህም የኮሌጅ ጓደኞቼ ናቸው።»

«ከልጄ ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ድምፁን።»

አባቴ አልገባውም። ለማናችንም አልገባንም። ረጅሙ ሰውዬ መላኩ ይባላል። እጁን እንዳነሳ፣ አፈሙዙን እያየ፣ ነገሩን ከሥሩ አስረዳን። ኮሌጁ ሲጀመር የመጀመሪያው የመዝሙር መምህር ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አዳራሽ እያስገባ ያስዘፍን ነበር። አንድ ድምፁ የተመሰገነ ልጅ ገብቶ ላብ አጥምቆት፣ ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ቀርቶ ወጣ፤ መምህሩም አሰናበተው። በሌላ ቀን ግን ያው ልጅ ወንዝ ወርዶ ልብሱን እያጠበ ሲዘፍን መምህሩ በዚያ ሲያልፍ ሰማው፤ ሰምቶም እየፈተኑኝ ነው ብሎ የሚያስብ ድምፅ እውነቱን አይናገርም አለ። ከዚያ ወዲህ ፈተና ቀረ። ልግባ ያለ አይገባም። የሚመረቀው ዘማሪ በእግሩ የሚተካውን ራሱ ይፈልጋል፤ ሰውየው ሳያውቅ ሲስቅ ይሰማዋል፣ ሲያዝን ይሰማዋል፣ ሲሠራ ይሰማዋል። በሳቁ ድምፁ የት እንደሚደርስ ያውቃል፤ በልቅሶው የት እንደሚሰበር፤ በሥራው ትንፋሹ እንደሚበቃው። ሰምቶ እስኪጨርስ ድረስ ግን አፉን አይከፍትም፤ ማን ነህ ቢሉትም አይናገርም።

«ዛሬ ሥርዓቱን ያፈረሰው ይኸ ነው» አለ መላኩ፣ ቀጭን ድምፅ ወዳለው ጓደኛው በአገጩ እያመለከተ።

ጓደኛው አንገቱን ደፋ። «አወጣ፤ የሚቀበለው አጣ። እንዴት ዝም ይባላል?» አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ቀጥሎ አውድማው ሁሉ ሳቀ፤ እብቁም ሳቁም አንድ ላይ አሳለን። መላኩ ቡናማ ሹራቡን አውልቆ እዚያው ለይርጋ አለበሰው፤ ጉልበቱ ድረስ ደረሰበት። ሹራቡም እንደ ቦታው ከተመራቂ ወደ ተተኪ የሚተላለፍ ነው አሉን። ሰዎቹ ጋቢያቸውን ጥለው እስኪመሽ አብረውን ወቁ። እኔ ድንች ሳቀርብለት መላኩ፣ «ለቅሶው ላይ ስትጠይቂኝ ከሞት የከፋ ጭንቅ ነበር» አለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለችው ልጅ እዚህ ላይ ስደርስ፣ አገቡት እንዴ ብላ ጠይቃኛለች። አላገባሁትም። ሚስት ነበረችው።

አባቴ ግን አልሳቀም። ከገለባው ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያቸው ነበር። እናቴ ጠላ ብትሰጠው ሳይቀምስ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠው።

ዛሬ ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ሰዎቹ ራሳቸውን መደበቃቸው አይደለም። እኛ ያየነውን ሁሉ በትክክል ማየታችን ነው። አንገታቸውን ማዘንበላቸውን፣ ዓይናቸውን መጨፈናቸውን፣ ዝምታቸውን፣ አንዱንም አልሳትንም። ሰው ዘፈን ሊያዳምጥ ይችላል የሚል ሐሳብ ግን በአንዳችንም ልብ አላለፈም። ፍርሃት ለዓመታት ሲያሳድገን ከዚህ ሌላ መልስ አላስተማረንም። ያ ቀጭን ድምፅ አምልጦት ባይወጣ ኖሮ ከካቡ በስተጀርባ የሚቀረውን ሬሳ፣ በአንበሳሜ በኩል ደግሞ የሚጀምረውን ሌላ ደም አስባለሁ። አባቴም ያን ሌሊት ያንኑ ያሰበ ይመስለኛል። ይርጋ መተማ አልወረደም፤ ስለ መተማም በቤታችን የሚያነሳ ጠፋ።

ጥምቀት እንዳለፈ አባቴ ካህናትና ሽማግሌዎች ለምኖ በእግሩ ወደ እብናት ሄደ። ሟች ቤት ደጅ ሲደርስ እንደ ወጉ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ወደቀ። መጀመሪያ አላነሱትም፤ በኋላ የሟች ሚስት ወጥታ አነሳችው። እሷም ልጇን እናንተ ትገድሉታላችሁ ብላ ፈርታ ከደጅ አላስወጣችውም ነበር፤ ትምህርቱንም ያቋረጠው በዚሁ ነው። እርቁ ወረደ። በመስከረም አባቴ እብናት ተመልሶ ያንን ልጅ ይዞት መጣ፤ ደብረ ታቦር ትምህርት ቤት አስገባው፤ ከይርጋ ጋር በዚያው ኪራይ ክፍል አስቀመጠው። ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ ስንቁን አባቴ ራሱ ያደርስለት ነበር።